በሩ ላይ የተፋቀችው ሴት

ጡረታ ስወጣ የምሠራበት ቢሮ ደግሶ ሸኘኝ። ወልድያ፣ አዳራሹ ውስጥ ለስላሳና ቆሎ ቀረበ፣ ካፖርት ተደረበልኝ፣ ባልደረቦቼ ተራ በተራ እየተነሡ አሞገሱኝ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። በኋላ አንድ ወጣት ከቦርሳው ቀጭን መጽሐፍ አወጣና «ጋሽ መኮንን ከጻፉት ሁሉ ልብ የሚነካውን ላንብብላችሁ» አለ። ሽፋኑን ከሩቅ አወቅሁት። ስለ አይሁድ ሕዝብ ታሪክ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ያዘጋጀሁት ነው።

ያነበበው የመጨረሻውን ገጽ ነበር፤ አውሮፕላኑ የሚነሣበትን። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አያለሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «አይ ምስኪን፣ ሆዱ ባብቶ ነው» ስትል ሰማኋት። ምን ሆድ መባባት! እፍረት ነው እንጂ። ያን ቀን አፌን ይዤ፣ ካፖርቴን እንደደረብኩ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። አሁን የሚያጨበጭብልኝ ስለሌለ ነገሩን እንደሆነው ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት መርሳ አጠገብ፣ ግራና ነው፣ በአስተማሪነት። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ያን ጊዜ የማንም አያደርስም ነበርና እሱን ልተወው። ልጆቹ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ሌላ የሚያነቡት ነገር አልነበራቸውም። አንድ ቀን ስለ ሙሴ ስነግራቸው አንዷ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እስራኤል ሰማይ ላይ ነው ወይስ ምድር ላይ?»

«ምድር ላይ ነው እንጂ!»

«እንግዲያ ከመርሳ መኪና አለው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እነዚህ ልጆች እስራኤል የሚለውን ቃል ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በመዝሙር ሲሰሙት ያደጉ ናቸው። እዚያ አገር እንደነሱ ጉንፋን የሚይዘው፣ ከእናቱ የሚኳረፍ ልጅ እንዳለ ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ለልጆች መጻፍ የጀመርኩት በዚያች ልጅ ጥያቄ ነው ብል አልዋሸሁም።

የሞነጫጨርኳቸው ነገሮች ሰው እጅ ገቡና፣ ወደ መርሳ ሄጄ ጥቂት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ወልድያ፣ መርጃ መጻሕፍት የሚዘጋጁበት ክፍል ተዛወርኩ። ኃላፊው ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። የመርሳ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ እርሳስ በምላጭ ካልሆነ የማይቀርጹ። የመጀመሪያ ጽሑፌን አንብበው ሲያበቁ «አንድ ገጽ ላይ ሁለት አዲስ ቃል ደግሜ ካየሁ ወላሂ ወደ ግራና እመልስሃለሁ» አሉኝ። ለልጅ ሲጻፍ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ትንፋሽ ይሁን፣ ግማሹን ነገር ሥዕሉ ይናገር፣ ልጁ ያልገባውን ሳይሆን የገባውን ጠይቁት ይሉ ነበር። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

ትልቁ ልማዳቸው ግን ሌላ ነበር። «ባለቤቱ ይስማው» ይላሉ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለማንም ይሁን፣ ያ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጮክ ተብሎ ካልተነበበለት ማተሚያ ቤት አይሄድም። ስለ ረመዷን የጻፍኩትን፣ እኔ የክርስቲያን ልጅ፣ መስጊድ አጥር ሥር ለተቀመጡ ሽማግሌዎች አነበብኩ። ስለ ጥምቀት የጻፈውን ሙስሊም ባልደረባችንን ወስደው ቀሳውስት ፊት ጎለቱት። ልጁ እንደዚያ ቀን ሲያልበው አይቼ አላውቅም።

ሲነበብ ጋሽ እንድሪስ ወረቀቱን አያዩም። የሰሚውን ፊትም አያዩም፤ ሰው በፊቱ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እጁን እዩት ይሉናል። አንድ ጊዜ ስለ ሐራ ገበያ በጻፍኩት ውስጥ «ተሸካሚዎቹ ሳይማሩ ስለቀሩ ይሸከማሉ» የሚል ነበረበት። አንዱ ተሸካሚ ገመድ እየገመደ ይሰማኝ ነበር፤ እዚያ ጋ ስደርስ ጣቶቹ ቆሙ። ጋሽ እንድሪስ በእርሳሳቸው ክንዴን ነካ አደረጉኝና «እዚህ ላይ ምልክት አድርግ» አሉኝ። ስጨርስ ሰውየው «ጥሩ ነው፣ እጅህ ይባረክ» ብሎ አመሰገነኝ። ጋሽ እንድሪስ ግን ዓረፍተ ነገሩን አስወጡኝ።

ሥዕሎቹን የምትሠራው ሙሉነሽ ናት። ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ጋር የተጋጠመ ነበር። ሰው ስትሥል ከእጁ ትጀምራለች፤ ፊቱን መጨረሻ ላይ ነው የምታመጣው። ቀለሙ ከፈሰሰባት ወይ መስመር ከሳተች ወረቀቱን በምላጭ ፍቃ፣ በጥፍሯ አለስልሳ፣ ደግማ ትሠራበታለች። ምሳችንን አብረን እንበላለን። የኔን ምሳ ዕቃ ከፍታ «ይህን ሽሮ የሠራችው ሚስትህ ናት ወይስ ዝናቡ?» ትለኛለች። ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

ስለ እሷ የማውቀው ነበር። ሰምቻለሁ። ወገኖቿ ከላስታ በኩል የመጡ መሆናቸውን፣ እናቷ መርሳ ውስጥ ሸክላ ትሠራ እንደነበር፣ ወንድምና እህቶቿ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ እሷ ባልና ልጅ ይዟት መቅረቷን ሰው በሹክሹክታ ያወራል። ጠይቄያት ግን አላውቅም። እኛ ወሎዎች ዘር አንጠይቅም፤ የምንኮራበት ጠባያችን ነው። የእኔ አጎት መሐመድ ይባላል፣ ልጁ ኃይለማርያም፤ ከየት መጣህ፣ የማን ነህ ብሎ የሚያፋጥጥ ሰው እኛ ዘንድ ባለጌ ነው። ስለዚህ ዝም ማለቴ ጨዋነት ነበር። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እሷ ስለ እህቷ ማውራት ትፈልግ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጡ፣ ክፍሉ በእኔ እጅ ገባ። ስለ ዓለም ሕዝቦች ለልጆች ተከታታይ መጻሕፍት አዘጋጁ ተባልን። ሌሎቹን አከፋፍዬ የአይሁድን ታሪክ ለራሴ አስቀረሁ። የግራናዋ ልጅ ትዝ ብላኝ ነው፣ ከመርሳ መኪና አለው ወይ ያለችው።

ለመዘጋጀት በእርዳታ የመጡ የውጭ አገር የልጆች መጻሕፍት ሰበሰብኩ። ወረቀታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሥዕላቸው የሚያስቀና። አንዱ በድንኳንና በግመል ይጀምርና በብርቱካን እርሻና በባንዲራ ያልቃል፤ መካከሉ ላይ ብዙ መቶ ዓመት ዝም ብሎ ዘሎታል። ሌላው ከዳር እስከ ዳር ሽቦና ጭስ ነው፤ እሱን ያነበበ ልጅ ይህ ሕዝብ ለመገደል ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል። ዘፍኖና ተጣልቶ፣ ነግዶና ተዳድሮ የሚያውቅ አይመስለውም። በአንደኛው መጽሐፍ ካርታ ላይ ፍልስጤማዊ የሚባል ልጅ የለም። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አይሁዳዊ ልጅ የለበትም፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ብቻ። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ተናደድኩ። አንድ ገጽ ላይ አይሁዳዊና ፍልስጤማዊ ልጅ፣ ሁለቱም ይህች የአያቴ ምድር ናት እያሉ፣ ጎን ለጎን ቆመው አወጣሁ። ሙሉነሽ እጆቻቸውን አሳምራ ሣለቻቸው። ያችን ገጽ ያላሳየሁት ሰው የለም። ጉራዬ ለጉድ ነበር።

ሩቅ ላሉት እንዲህ የተጠነቀቅኩ ሰውዬ፣ ስለ ራሴ አገር ስጽፍ ምን እንዳደረግሁ ተመልከቱ። ስለ ሙሴ በሚያወራው ገጽ «እስራኤላውያን» አልኩ። ስለ ስቅለት በሚያወራው «አይሁድ» አልኩ፤ በስቅለት ዕለት እንደምንሰማው፣ ጥርስ በተነከሰበት አነጋገር። እዚህ አገራችን ስለኖሩት ሲሆን ደግሞ «ፈላሻ»፤ ስሙን ራሳቸው እንደማይወዱት እያወቅሁ። በኋላ አንድ ተማሪ አስተማሪውን «እነዚህ ሦስቱ ሕዝቦች ይተዋወቃሉ?» ብሎ ጠየቀው አሉ። አንድ ሕዝብ መሆኑን አንድም ቦታ ላይ አልጻፍኩም ነበር።

እዚያው ገጽ ላይ ይህን ጨመርኩ፦ «ሸክላ እየሠሩና ብረት እየቀጠቀጡ ይኖሩ ነበር። ሰዎች ቡዳ ናቸው እያሉ ይሸሿቸው ነበር። ይህ ግን ትክክል አልነበረም።» ጭፍን ጥላቻን መዋጋቴ ነበር እኮ! የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ራሴን በልቤ አመስግኜዋለሁ።

ከዚያ የመጨረሻው ገጽ መጣ። አውሮፕላን፣ ባዶ የቀሩ ጎጆዎች፣ ከሥሩ «ሁሉም ወደ አገራቸው ገቡ» የሚል። ሙሉነሽ ሥዕሉን ስታመጣልኝ በአንደኛው ጎጆ በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። መቃኑን በአንድ እጇ ይዛለች።

«ይቺ ማን ናት?» አልኳት።

«የቀረች ናት።»

«ሙሉዬ፣ ሁሉም ገቡ ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት። ልጆቹን ታደናግራቸዋለች፤ አጥፊያት።»

ትንሽ አየችኝ። አሁን ሳስበው ብዙ ነው ያየችኝ። ምላጯን አነሣችና ጎንበስ ብላ መፋቅ ጀመረች። ያ ድምፅ፣ ምላጭ ወረቀት ላይ ሲሄድ የሚሰማው፣ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፍቃ ስትጨርስ ብናኙን እፍ ብላ አራገፈችና «ለማንስ ልታነበው ነው?» አለችኝ።

የጋሽ እንድሪስን ልማድ ማስታወሷ ነው። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኧረ ሙሉዬ፣ ለዚህስ ኢየሩሳሌም ልውረድ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ያን ቀን ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ አልተሰማም። መጽሐፉ ለማንም ሳይነበብ ታተመ።

ሲታተም ምላጩ የፋቀው ቦታ ግራጫ ሆኖ ወጣ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ፣ ጎጆው በር ላይ፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ቆሟል። የማተሚያ ቤት ጉድለት ነው ብዬ አለፍኩት።

መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ከተበተነ በኋላ መርሳ ሄድኩ፤ ልጆች ሲያነቡት ለማየት፣ እውነቱን ለመናገር ለመወደስ። አስተማሪው ከኋላ ወንበር ሰጠኝ። ልጆቹ አንድ አንድ ገጽ እየተቀባበሉ ያነባሉ። አንዱ ድምፀ ጎርናና ልጅ እዚያ ገጽ ላይ ደረሰና «ሰዎች ቡዳ ናቸው እያሉ ይሸሿቸው ነበር» ብሎ አነበበ። ክፍሉ ተንጫጫና ጭንቅላቱ ሁሉ ወደ አንድ ዴስክ ዞረ። ልጁ ቀጣዩንም አንብቦ ይሆናል፤ በጫጫታው አልተሰማም። ዳር የተቀመጠች አንዲት ልጅ ነበረች። አጠገቧ ያለችው ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ፈቀቅ አለች፣ ቀጥሎ ያለችው እሷን ተከትላ ፈቀቅ አለች፣ ዴስኩ ወደ አንድ በኩል ተጨናነቀና ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። በሁለት እጇ ደብተሯን ሸፍና ጥቁር ሰሌዳውን ታያለች።

አስተማሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ብርቱካን ትባላለች። የእናንተ ቢሮ የምትሠራው የሙሉነሽ የልጅ ልጅ ናት» አለኝ።

ምን አደረግሁ? ተነሥቼ ልናገር እችል ነበር። የመጽሐፉ ጸሐፊ እኔ ነኝ፣ ልጆቹ ይሰሙኝ ነበር። ሄጄ አጠገቧ ብቀመጥ እንኳ ይበቃ ነበር። ቦርሳዬን ዘጋሁና «ጎበዞች ናችሁ፣ በርቱ» ብዬ ወጣሁ። መናኸሪያው እስክደርስ በሩጫ ነበር የሄድኩት። ከጻፍኩት ይልቅ እስካሁን የሚያሳፍረኝ ይሄ መውጣቴ ነው።

በማግስቱ ሙሉነሽ እንደ ወትሮዋ ብዕሯን እየጠረገች «ሥዕሉ እንዴት ነው፣ ልጆቹ ወደዱት?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። ሰምታለች፤ ልጅቷ ነግራታለች። እኔም መስማቷን አውቄያለሁ። እንዲህ ሆነን ምሳችንን በላን፤ ስለ ሽሮዬ አንዳች አላለችም። ብዙም ሳትቆይ ዓይኔን አሞኛል ብላ ሥራውን ለቀቀች። ገጹ እንዲቀየር አመለከትኩ፤ በሚቀጥለው እትም ተባልኩ፤ የሚቀጥለው እትም አልመጣም።

መርሳ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። እንዲቆጡኝ ነበር የፈለግሁት፤ በዱላቸው አንድ ቢያቀምሱኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ለማን አነበብከው?» አሉኝ።

«ለማንም። ባለቤቱ እዚህ የለም ብዬ።»

«ጎንህ ተቀምጣ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲያሹ ቆዩ። «እኔስ ብሆን እጠይቃት ነበር? አልጠይቃትም ነበር» አሉ። «እናቷን አውቃታለሁ። ጀበናዋን እየገዛን ቤቷ ግን ቁጭ ብለን ውሃ አንጠጣም ነበር። አስታግፊሩላህ! እኔ ነኝ ባለቤቱ ይስማው ባዩ።» ከዚያ እስከ በሩ ሸኙኝ።

እንግዲህ ከሽኝቱ በኋላ፣ ያ ጭብጨባ እንቅልፍ ሲነሣኝ፣ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ መርሳ ሄድኩ። የሙሉነሽን ቤት ሰው መርቶኝ አገኘሁት። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ስታየኝ አልደነገጠችም።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ ሙሉዬ።»

«ሽሮ ይዘህ እንዳልሆነ ብቻ።»

ጋዜጣውን ፈታሁ። «ላነብልሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ያኔ ማንበብ የነበረብኝን።»

እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጽሐፉን ተቀበለችኝና መጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ግራጫውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ምላጩ ወረቀቱን በልቶታል» አለች። መለሰችልኝና «እህቴ ስትሄድ ልክ እንደዚያ ቆሜ ነበር፣ መቃኑን ይዤ» ብላ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች። «በል አንብብ።»

ብርቱካን አድጋለች፤ አላወቅኋትም ነበር። ግቢው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታን ልብስ ታጥባለች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። የሙሉነሽን እጅ እያየሁ ነው የማነበው። በሙሴ ጊዜ እጇ ይሠራል። ስቅለቱ ጋ ስደርስ ዘገየ፤ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ እርሳስ ነበረኝ፣ አውጥቼ ምልክት አደረግሁ። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን ያቆምኩባትን፣ ስንት ሰው ያሳየኋትን ገጽ ሳነብላት እጇ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ እዚያ ገጽ ላይ ደረስኩ። «ሸክላ እየሠሩና ብረት እየቀጠቀጡ ይኖሩ ነበር» አልኩ። ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ያየዋል፤ ከአፌ ግን አልወጣ አለ። ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ባቄላ የምትፈለፍለው እጅ ቆመ።

«ሰዎች ቡዳ ናቸው እያሉ ይሸሿቸው ነበር።»

ያለችው ብርቱካን ናት። ዘወር አላለችም፤ ልብሱን እየጨመቀች፣ ቃል ሳትስት፣ ልክ እንደጻፍኩት ጨረሰችው። ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር መጽሐፍ የያዘ ሰው አልነበረም።

«ብርቱካኔ» አልኳት። «ቀጥሎ ሌላ አለ እኮ።»

ልብሱን እንደያዘች ዞራ አየችኝ።

«ቀጥሎም አለው እንዴ፣ አባባ?»

«አለው። ይህ ግን ትክክል አልነበረም ይላል።»

«እሱን ማንም ብሎኝ አያውቅም» አለችና ልብሱን ልታሰጣ ሄደች።